ኮንጋ ላይ የታረመው ልቦለዴ

ለትምህርት ዲላ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ደራሲ መሆኔን ከማንም ቀድሜ አምኜ ነበር። በሥነ ጽሑፍ ክበባችን አጭር ልቦለድ አነበብኩ። ባለታሪኳ ቡና ማጠቢያ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። ካቦው ሲሰድባት ቅርጫቷን ፊቱ ላይ ትወረውርና ሥራዋን ጥላ አዲስ አበባ ትገባለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ያላጨበጨበችው የዶርም ጓደኛዬ ብቻ ነበረች። ይርጋ ጨፌ አጠገብ ያለችው የኮንጋ ልጅ ናት፤ እናቷም ቡና ማጠቢያ ውስጥ ነው የሚሠሩት።

«አልወደድሽውም እንዴ?» አልኳት።

«ቅዳሜ ማዘር ጋ እንሂድና አንብቢላት።»

ከይርጋ ጨፌ ሞተር ላይ ለሦስት ተጣብቀን ሄድን። እናትየው ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር እንሰት ጥላ ሥር ምሳ እየበሉ ነበር። እኔ አነበብኩ፣ ጓደኛዬ የከበደውን በጌዴኦኛ ተረጎመች። ቅርጫቱ ሲወረወር ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ቀልድ መጻፌን ግን አላውቅም ነበር።

«ቅርጫቱ የማን ነው?» አሉ እናትየው።

«የራሷ።»

«ታዲያ ነገ በምን ትለቅማለች?»

«ነገማ አዲስ አበባ ናት።»

«ልጆቹስ?»

ልጆች ይኖሯታል ብዬ አስቤም አላውቅ። አፈርኩና፣ «እርስዎን ካቦ ሰድቦዎት ያውቃል?» አልኳቸው።

«ያውቃል። ‹አህያ› አለኝ። ጥዬ ልሄድ ነበር። ይቺ ግን ያኔ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ደብተር አለ፣ ጫማ አለ። ዝም አልኩ።»

ጓደኛዬ ቀና ብላ አየቻቸው። ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር።

«በዚያው ቀረ?» አልኳቸው።

«ለምን ይቀራል!» ብለው ተቃንተው ተቀመጡ። በስድቡ ማግስት ሰማዩ ጠቆረ። ዝናብ ከመጣ ማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣውን ቡና ሮጦ ፕላስቲክ ማልበስ ነው። ካቦው «ሩጡ!» እያለ ይጮኻል፤ ሴቶቹ ሁሉ ግን ያን ቀን እግራቸውን አሟቸዋል። «አህያ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው» አሉት እኚህ እናት። ካቦው ብቻውን ፕላስቲክ ሲጎትት ጭቃ ላይ ተዘረጋ። ያኔ ሴቶቹ አዝነው ቡናውን አለበሱለት። ከዚያ ወዲህ «እናቶቼ» እያለ ነው የሚጠራቸው።

ስንመለስ ጓደኛዬ፣ «ያንን ጫማ ቀለሙ አስጠላኝ ብዬ አልቅሼ ነበር» አለችኝ።

ልቦለዱን እንደገና ስጽፈው ገባኝ። የመጀመሪያዋ ባለታሪክ የመረጠችው እኔ የምመርጠውን ነው፤ እኔ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ስንቅ የሚላክልኝ ልጅ ነኝ።

ባለታሪኳ ለልጇ ስትል ሥራዋን የማትጥልበትን አዲሱን ክበቡ ውስጥ ሳነብ ማንም አላጨበጨበም። አንዱ ተነስቶ፣ «ይቺ ሴት ፈሪ ናት። ለምን ጥላ አትሄድም?» አለ።

ጓደኛዬ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች። «እሺ፣ አዲስ አበባ ተሳፈረች እንበል። ማን ቤት ትውረድ?»

አንዱ የአክስቱን ቤት ጠቆመ፣ ሌላዋ «አክስት የሌላትስ?» አለች። የካፌው እራት እስኪያመልጠን ድረስ ተከራከርን።