ውሃ ብቻ ጨምሪበት

የአባቴ እህት ሰበታ ነበር የሚኖሩት፤ አዳዳ እንላቸዋለን። ለበዓል ጠላ የምጠምቅበት ጊዜ እንደሌለኝ ስለሚያውቁ፣ ጌሾውን ወቅጠው፣ ብቅሉን አስፈጭተው፣ ድፍድፉን በባልዲ ቡራዩ ድረስ ያመጡልኛል።

«አንቺ ልጆችሽን እይ፤ ውሃ ብቻ ጨምሪበት» ይሉኛል።

እኔም እንደተጣደፍኩ ባልዲውን እቀበላቸዋለሁ። ቁጭ ይበሉ ሳልላቸው ከበር ይመለሳሉ።

የመጨረሻውን ባልዲ ባመጡ በሳምንታቸው አረፉ። ከቀብር ስመለስ ባልዲው እንደታሸገ ወጥ ቤት ጥግ ተቀምጧል። ብዙ ቀን እጄ አልሄድ አለኝ።

ትናንት ውሃ ጨመርኩበት። ዛሬ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ስገባ፣ ሰው በሌለበት ቤት አንድ ሰው ቀስ ብሎ ያንሾካሹካል። ጠላው እየፈላ እንደሆነ አውቃለሁ።

«አቤት አዳዳ» አልኩና ወንበር ሳብኩ። «ዛሬስ ቁጭ ይበሉ።»