ሰርቨሩ የጻፋቸው ሰማንያ ሦስት ደብዳቤዎች

ከሊፋ ኑርዬ ኮምፒውተር የተማረው አብነት ሰፈር ውስጥ፣ የተጣለ ማሽን እየፈታ በመግጠም ነው። መምህር የለው፣ ሰርተፊኬት የለው። ያለው ድፍረት ነው፤ ድፍረት ከእውቀት ቀድሞ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው።

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ልደታ ባለ አንድ የጭነት ማኅበር ቢሮ በሙከራ ተቀጠረ። እናቱ መይሙና «ልጄ ቢሮ ገባ» ብለው ለሰፈሩ አዳረሱ። በሦስተኛው ሳምንት የቢሮው ፋይልና ኢሜይል ሁሉ የሚያልፍበት ዋና ማሽን፣ ሰርቨሩ፣ ቆመ። ሰርቨር ውሎውን የሚጽፍበት ሎግ የሚባል ፋይል አለው፤ የሚያጸዳው ጠፍቶ አብጦ አብጦ ትንሿን ዲስክ ሞላት። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሀብተ ማርያም ከሊፋን አስጠርተው፣ «ይሄ ማሽን ዳግመኛ ቢቆም ቦርሳህን ይዘህ ትወጣለህ» አሉት።

ከሊፋ ሰርቨሩን እንዲህ አዘዘው፦ ሎጉ በሞላ ቁጥር አሮጌው ይዘጋ፣ አዲስ ይከፈት፣ የተዘጋው በኢሜይል ይላክ። ለማን? የራሱ የኢሜይል ሳጥን አብሮ አደጎቹ በላኩለት የኳስ ፎቶ ጢም ብሏል። ስለዚህ የቢሮውን የጋራ አድራሻ ጻፈበት። መሥራቱን ቶሎ ለማየትም የሎጉን ልክ አሳነሰው፤ ለሰርቨሩ አንድ ኢሜይል በገባ ቁጥር እንዲሞላ። ሠራ። ደስ አለው። ልኩን መመለስ ረስቶ ፉል ሊበላ ወጣ።

የጋራውን አድራሻ የሚከፍቱት የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ወለተሰንበት ናቸው። በሃያ አራት ዓመት አገልግሎት ቁጥር ሳይሰጡትና መልስ ሳይጽፉለት ያደረ ደብዳቤ የለባቸውም። የመጣውን አተሙ፣ «ገቢ» የሚለውን ማኅተም መቱበት፣ ከዚያ ስልክ ደወሉ።

«አንተ ከሊፋ፣ ከሰርቨር ደብዳቤ መጥቷል። ኃላፊው ማነው?»

«እኔ ነኛ እትዬ፣ ሌላ ማን አለው» አለ አፉ እንደ ሞላ።

«ቋሚ ነህ ተጠባባቂ?»

«እስክባረር ተጠባባቂ ይበሉኝ።»

ቀልዱን ነው። መዝገብ ቤት ግን ቀልድ የሚገባበት ፋይል የለም። «ለአቶ ከሊፋ ኑርዬ፣ የሰርቨር ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ፤ የላኩልን ደብዳቤ ደርሶናል» ብለው ጻፉ። አቶ ሀብተ ማርያም ፈረሙ፤ ስካን ተደርጎ ወደ መጣበት ተላከ። መልሱ ሲገባ ሰርቨሩ መዘገበው፤ ሎጉ ሞላ፤ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ወይዘሮዋ መለሱለት። ሰርቨሩም ወግ አያጣምና ዝም አላለም።

አቶ ሀብተ ማርያም እስከ ስምንት ሰዓት ሲፈርሙ ዋሉ። አንዱንም አላነበቡም። ማንበብ የበታች ሥራ የሚመስለው አለቃ ሞልቷል፤ እስክሪብቶው ያልቅበታል እንጂ አያፍርም።

ከሊፋ ከፉሉ በኋላ የኮምፒውተር ገመድ ሊገዛ መርካቶ ወርዶ ሲመለስ፣ ዲስኩ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ምስል ሞልቶ ሰርቨሩ ቆሟል።

«ቦርሳህ የታለ?» አሉት አቶ ሀብተ ማርያም።

ከሊፋ ለእናቱ የሚለውን ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ወይዘሮ ወለተሰንበት ወፍራም ፋይል ታቅፈው ገቡ።

«አይሆንም፣ ጌታዬ። የክፍል ኃላፊ የሚያሰናብተው ቦርዱ ነው። መመሪያውን ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

«ይሄ ከመቼ ወዲህ ነው ኃላፊ የሆነው?»

«ከዛሬ ሦስት ሰዓት ጀምሮ። ሰማንያ ሦስት ጊዜ ፈርመውበታል።»

አቶ ሀብተ ማርያም አንዱን አንሥተው አነበቡ። ሁለተኛውን አነሡ። ያው ነው።

«ቦርዱ መቼ ነው የሚሰበሰበው?»

«ነሐሴ ላይ።»

ገና ጥር ነው። ፋይሉን ቀስ ብለው ገፉት። «በል እንግዲህ ኃላፊ፣ ሂድና ክፍልህን አስነሣ።»

ከሊፋ ምስሎቹን አጠፋ፣ ልኩን መለሰ፣ የኳስ ፎቶዎቹን ጠርጎ የራሱን አድራሻ ጻፈ። ሰርቨሩ ተነሣ።

በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ወረቀት ጠበቀው። አንተ መባሉ ቀርቷል፦ «ከክፍልዎ ይደርሰን የነበረው ደብዳቤ ከትናንት ጀምሮ ስለ ተቋረጠ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲገልጹልን እናሳስባለን።»