«ጥሩ ነው» ያለው ውስኪ

ታፒሴሪው ያን ጥቁር ጠርሙስ ባየ ቁጥር ቆሽቱ ያርራል። ጠርሙሱስ ምን አደረገው? ጠርሙስ ሰው አይበድልም። ግን የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ጎማ የሚለው የጎማ ነጋዴ፣ ያንን ጠርሙስ በብብቱ ሸጉጦ ከበር ሲገባ፣ ገና «እንዴት ዋላችሁ» ሳይል «የአንተን መጠጥ ይዤልህ መጣሁ!» ብሎ ይጮሃል። ያኔ ታፒሴሪው ጥርሱን ነክሶ ፈገግ ይላል። ጥርስ ነክሶ ፈገግ ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። መንጋጋ ያማል።

የአንተን መጠጥ! ማን ነው የእሱ ያደረገው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውዬው ሥራው ታፒሴሪ ነው፤ የመኪና ወንበርና የቤት ሶፋ ያለብሳል። ስፖንጅ ይቆርጣል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ቆዳ ይወጥራል። እጁ ፈጣን ነው፤ አፉ ግን ቀርፋፋ። ደንበኛ ሲቆጣው እንኳ መልሱ ትዝ የሚለው ደንበኛው ከሄደ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ብቻውን ከስፌት መኪናው ጋር ይጣላል።

ወጣት ሆኖ የከፈታት የመጀመሪያዋ ሱቁ ተቃጠለች። ስፖንጅና ማስቲሽ ያለበት ቤት እሳት ከገባበት ምኑ ይተርፋል? የሰው ንብረት ሳይቀር አመድ ሆነ። እሱና ሚስቱ የሚኖሩት ከሱቋ ጀርባ ባለች ክፍል ነበርና ከለበሱት በቀር ይዘው የወጡት ነገር የለም። ጋሽ ጎማ መጥቶ እጃቸውን ይዞ ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። ይሄን ውለታ ታፒሴሪው ክዶ አያውቅም። አልጋ ሰጣቸው፣ የራሱን ሸሚዝና ሱሪ አለበሰው። ከዚያ አንድ ጥቁር ጠርሙስ ከፈተና ቀዳለት።

«ጠጣ ወንድሜ፣ ልብህን ያጠነክርልሃል።»

ታፒሴሪው ብርጭቆውን ወደ አፉ ሲያስጠጋው ጭስ ጭስ አለው። ውስኪው እንደዚያ ዓይነት ነበር፤ አሉ አይደል፣ ሲሠሩት ጭስ የሚያስጠጡት። ለሚወደው ሰው እሱ ነው ጣዕሙ። ታፒሴሪው ግን ጸጉሩ ውስጥ ገና የሱቁ ቃጠሎ ሽታ አለ። አሁን ደግሞ ያንኑ ሊጠጣው! ጨለጠው። ሊመለስበት ሲል በግድ ዋጠው።

«እንዴት ነው?» አለ ጋሽ ጎማ፣ ዓይኑን ተክሎበት።

ምን ይበል? ሰው በሰው ቤት፣ የሰው ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጦ፣ የቀረበለትን እንዴት ያጣጥላል? ይሉኝታ ያዘው።

«ጥሩ ነው» አለ።

አለቀ። ያቺ ቃል እንደ ማስቲሽ ተጣበቀችበት። ልጅ ተወለደች፣ ጥቁር ጠርሙስ መጣ። አዲስ ሱቅ ተከፈተ፣ ጥቁር ጠርሙስ መጣ። ኩላሊቱን ታሞ ሆስፒታል ተኛ፤ ለታመመ ሰው ጭስ ይዞ የሚመጣ ማን ነው? ጋሽ ጎማ ይዞ መጣ፣ ነርሷ ናት ጠርሙሱን ይዞ እንዲመለስ ያደረገችው። ታፒሴሪው ያቺን ነርስ እስከ ዛሬ ይመርቃታል።

ጋሽ ጎማ ሁልጊዜም ቀድቶ፣ ክንዱን አጣጥፎ ይጠብቃል።

«እህሳ?»

«ጥሩ ነው ጋሼ።»

«ብያለሁ እኮ! እኔ የሰው ምላስ አውቃለሁ!»

አንድ ቀን ታፒሴሪው ለሚስቱ «እኔ እኮ ያንን ነገር አልወደውም» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እሷም «ታዲያ አንተው አይደለህ ጥሩ ነው የምትለው?» ብላው ወደ ሥራዋ ዞረች። እውነቷን ነው። እሱን ነው ይበልጥ ያናደደው፣ እውነቷን መሆኑ።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ሆቴል የባሩን ረጃጅም ወንበሮች እንዲያለብስ ጠራው። ቀን ቀን ባሩ ባዶ ስለሆነ እዚያው ቁጭ ብሎ ይሠራል። ከባንኮኒው ኋላ አንዲት ጠና ያለች ሴት ብርጭቆ ትወለውላለች። ያለበሰላትን የመጀመሪያውን ወንበር ወጥታ ሞከረችው፤ እግሯን እያወዛወዘች ሳቀች።

«እሰይ! ወገቤን ያዘልኝ። በሉ ጋሼ፣ ደክሞዎታል፣ ትንሽ ልቅዳልዎ። ምን ዓይነት ውስኪ ነው የሚወዱት?»

ታፒሴሪው መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ። 

«አላውቅም።»

«እንዴት አያውቁም? ጠጥተው አያውቁም እንዴ?»

«ኧረ ጠጥቻለሁ። ሞልቶ።»

«ታዲያ?»

«የሚቀዳልኝን ነው የምጠጣው።»

ሴትዮዋ አልሳቀችበትም። ቢስቁበት ይሻለው ነበር። ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገዱን ሁሉ ብቻውን ሲያጉረመርም ሄደ። እሱ እኮ ለማንም ሰው ወንበር ሲሠራ መጀመሪያ ይጠይቃል። «ሲቀመጡበት ይስመጥልዎ ወይስ ደግፎ ይያዝዎት? ወገብዎን ያምዎታል?» ብሎ ሳይጠይቅ ስፖንጅ አይቆርጥም። ለማያውቀው ሹፌር እንኳ ይጠይቃል! እሱን ግን ማን ጠየቀው? ጸጉሩ ሸብቶ፣ ምን እንደሚወድ አንዲት የማያውቃት ሴት ጠየቀችው፣ መልስ አጣ። በጋሽ ጎማ ተናደደ። በሚስቱ ተናደደ። በራሱ ደግሞ ከሁሉ በላይ።

በማግስቱ ገና መርፌውን ሳያወጣ ባንኮኒው ጋ ሄዶ ቆመ።

«የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ጭስ አልወድም።»

እንዲህ ሲል ላብ አጠመቀው። ለሴትዮዋ ግን ነገሩ ቀላል ነበር።

«ጥሩ ነዋ! ከማይወዱት እንነሳለን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ሲጨርስ ጠርሙስ ሥር ከቀረው ጠብታ ጠብታ ታቀምሰዋለች። አንዱ ሽቶ የጠጣ መሰለው። አንዱ ምላሱን ለበለበው። አንዱ ምንም አይልም፣ እንደ እሱ ዝምተኛ ነው። እሷ ግን ሁልጊዜ «አይዋሹኝ፤ ፊትዎን አያለሁ» ትለዋለች። ትንሽ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ሽታው እንደሚፈታም ያሳየችው እሷ ናት።

ወንበሮቹ ሊያልቁ ሲሉ አንገተ ረጅም ጠርሙስ አወረደች። ጽሑፉ የባዕድ ነው፣ እሱ አያነበውም፤ ወፍ ተስሎበታል። ቀዳች፣ ውሃ ጠብ አደረገች። አሸተተው። ዘቢብ ሸተተው፣ ከዘቢቡ ኋላ ደግሞ አዲስ የተላገ እንጨት፤ አናጢው ጎረቤቱ በር ላይ ሲያልፍ የሚሸተው ዓይነት። ጠጣው። ጉሮሮውን አልቧጨረውም። ሞቅ እያለ ወረደና ዘቢቡ አፉ ውስጥ ቀረ።

«ይሄ!» ብሎ ባንኮኒውን በመዳፉ መታ። ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። ሴትዮዋ ግን እጇን አጨበጨበች።

ያንን ባለ ወፍ ጠርሙስ ገዛና ሱቁ ውስጥ የስፖንጅ ቁርጥራጭ ባለበት ጆንያ ውስጥ ደበቀው። አስቡት፣ የራሱን ገዝቶ፣ በራሱ ሱቅ፣ እንደ ሌባ! ይሄም አናደደው።

በዚያው ሰሞን ለቤቱ ሶፋ ሠራ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሶፋ ሲሠራ በራሱ ቤት የሚቀመጠው በሚንቀጠቀጥ ወንበር ላይ ነበር። ክሬም ቀለም ያለው ጨርቅ አለበሰው፣ ስፌቱን ሁለቴ ደረበው። ሚስቱ ደስ ብሏት «እሁድ ሰው ምሳ እንጥራ፣ ይዩልን» አለች። ታፒሴሪውም በሆዱ ማለ። እሁድ በራሱ ሶፋ ተቀምጦ፣ በሰው ፊት፣ እሱ የመረጠውን ይጠጣል። የእኔ ይሄ ነው ይላል። ይህችን ካልቻለ ሰው አይደለም።

እሁድ ሰው መጣ። ሶፋውን ዳሰሱ፣ አደነቁ። ከሱቁ ጎን የሚሠራው መካኒክ ቱታውን ቢያወልቅም ግሪስ እንዳይነካው ፈርቶ ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጠ። ምሳ ተበላ። ታፒሴሪው ከሱቁ ያመጣውን ባለ ወፍ ጠርሙስ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አቆመ።  ወዲያው በሩ ተከፈተ።

«የአንተን መጠጥ ይዤልህ መጣሁ!»

ጋሽ ጎማ ገብቶ ከታፒሴሪው አጠገብ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። ጥቁሩን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ባለ ወፉን አየ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? የዶሮ መድኃኒት ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ውስኪ ነው ጋሼ። እኔ ነኝ የገዛሁት።»

«አንተ? ማንን አማክረህ?»

«ማንንም።»

ታፒሴሪው ለራሱ ቀዳ። ከዚያ በማንኪያ ውሃ ጠብ ጠብ አደረገበት። 

«ኧረ ጉድ ነው! ውሃ! ውስኪውን ልታጥበው ነው?»

«ራዲያተር መስሎት እኮ ነው!» አለ መካኒኩ። ሳቁ ቤቱን ሞላው። ሚስቱም ሳቀች። እሷንም አያት።

«ጋሼ፣ እኔ ዛሬ ይሄን ነው የምጠጣው» አለ ታፒሴሪው። ድምፁ ለራሱም አልተሰማው።

«ተው እንጂ! ሰው ፊት ቁጥብ ልሁን ብለህ ነው። እኔ የአንተን ምላስ አላውቅም?»

ይሄን እያለ ጥቁሩን ጠርሙስ ከፈተና፣ በታፒሴሪው ብርጭቆ ውስጥ፣ እዚያው ባለ ወፉ ላይ ደርቦ ቀዳበት። ዘቢቡ ላይ ጭስ አፈሰሰበት! ታፒሴሪው ብርጭቆውን ሲስብ፣ ጋሽ ጎማ «ቆይ ልሙላልህ» ብሎ ሲከተለው፣ ጠርሙሱ ብርጭቆውን ገጨውና ሁሉም ክሬሙ ሶፋ ላይ ተደፋ።

ሽታው ተነሳ። የተቃጠለው ሱቅ ሽታ፣ ከአዲሱ ሶፋው ላይ።

ታፒሴሪው ተነስቶ ቆመ። ደሙ ፈላ። ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚመጣው መልስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ ደረሰ።

«አልወደውም!»

«ምኑን?»

«ይሄን ጥቁር ነገርህን! ወድጄውም አላውቅ! ሱቄ የተቃጠለ ዕለት አጠጣኸኝ፤ እስከ ዛሬ ሱቄን ነው የምታጠጣኝ! እሳቱን ነው የምታጠጣኝ! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ምን ትወዳለህ ብለኸኛል?»

 ጋሽ ጎማ ፊቱ ጠቆረ።

«እጠይቅህ አልነበር? እንዴት ነው ስልህ ጥሩ ነው አላልክም?»

«ዋሽቼ ነው!»

«ይሄን ሁሉ ዘመን?»

«ይሄን ሁሉ ዘመን!»

«እንግዲያው ጥፋቱ የማን ነው?» አለ ጋሽ ጎማ፣ ጠርሙሱን እየከደነ። «እኔ በደረስኩበት ሁሉ ስፈልግልህ፣ አገር ላገር ሳስፈልግልህ ኖርኩ። ቤቴ አስገብቼህ ዋሸኸኝ። ውሸታም!» ብሎ ወጣ። በሩን በኃይል ሲዘጋው መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሰዉም አንድ በአንድ ምክንያት እየፈጠረ ሄደ።

«ወንድሜን ከቤቴ አባረርከው» አለች ሚስቱ።

«ጠርሙሱን ነው ያባረርኩት።»

«እሱና ጠርሙሱ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ?»

ታፒሴሪው ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ከባለ ወፉ ቀዳ፣ ውሃ ጠብ አደረገ፣ ጠጣ። ምንም አላለውም። ዘቢቡ የለም፣ እንጨቱ የለም፤ ንዴቱ ምላሱን አደንዝዞታል። ይሄንንም ወሰደብኝ! ብሎ እንደገና ነደደ።

በማግስቱ ውስኪ የፈሰሰበትን የሶፋውን መቀመጫ ትራስ ተሸክሞ ሱቁ ሄደና ስፌቱን በምላጭ ተረተረው። ያን ያማረ ስፌቱን። ጨርቁን እየቀደደ ሳለ አንድ ሰው በር ላይ ብርሃኑን ጋረደው። ጋሽ ጎማ ነው። ብብቱ ሥር ምንም የለም። ያለ ጠርሙስ ሲያዩት እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋው ሰው ይመስላል።

«ለቀቀ?» አለ፣ ጨርቁን በአገጩ እያመለከተ።

«ባጥበው የውስኪው ቀለም ለቀቀ። ሽታው አልለቀቀም።»

ጋሽ ጎማ ገብቶ አንድ ያላለቀ የታክሲ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ጮኸ። 

«እሳቱ እኮ ትዝ አላለኝም» አለ ጋሽ ጎማ። «እኔ ትዝ የሚለኝ አንተ ጥሩ ነው ስትል ነው። ደስ አለኝ። ያን ቀን ሌላ ምን ላደርግልህ እችል ነበር?»

ታፒሴሪው ምላጩን አስቀመጠ። አሁንም እንደተናደደ ነው።

«እስቲ ያቺን የዶሮ መድኃኒት አምጣት» አለ ጋሽ ጎማ።

ታፒሴሪው ጠርሙሱን ወደ ሱቁ መልሶት ነበር። ከጆንያው አወጣው። ብርጭቆ ስለሌለ በሻይ ኩባያ ቀዳ፤ ውሃ ጠብ አደረገበት። ጋሽ ጎማ ውሃውን ሲያይ ሊናገር ቃጣውና ተወው። ጠጣ። መንጋጋው ጠበቅ አለ። በግድ ዋጠ። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ ፈገግ አለ።

«ጥሩ ነው» አለ።

ታፒሴሪው ያንን ፊት አየው። ያንን ፈገግታ እንደሱ የሚያውቀው ሰው የለም፤ እስከ ትናንት ድረስ የለበሰው እሱ ነበር። ደሙ እንደገና ፈላ።

«ትዋሻለህ!»

«ኧረ ጥሩ ነው አልኩህ እኮ...»

«ጋሼ፣ እንዳትዋሸኝ! ዛሬ ከዋሸኸኝ፣ ይሄን ባለ ወፍ ጠርሙስ በሄድክበት ሁሉ ይዤ ነው የምከተልህ! ብትታመም ይዤልህ እመጣለሁ! የአንተን መጠጥ እያልኩ በር ላይ ነው የምጮህብህ!»

ጋሽ ጎማ አፍጥጦ አየው። ኩባያውን አየ። ትከሻው ወረደ።

«የልጅ የሳል ሽሮፕ ነው» አለ። «አንገሸገሸኝ። እንዴት ነው የምትጠጣው?»

«እወደዋለሁ።»

«እኔ አልወደውም።»

«ታዲያ ማን ጠጣ አለህ? አምጣ ወዲህ!»

ኩባያውን ከእጁ ነጥቆ የተረፈውን ራሱ ጠጣው። ንዴቱ አልበረደለትም ነበር። ይሁን እንጂ ዘቢቡ መጣ፤ ከኋላው እንጨቱም መጣ። ሳይቸኩል ዋጠውና አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ለሚመጣው እሁድ የራስህን ይዘህ ና» አለው፣ ምላጩን መልሶ እያነሳ። «ጭስህን እዚያው ለራስህ ትቀዳለህ። ከሶፋዬ ግን ራቅ ብለህ ነው የምትቀመጠው።»