የሴልቪ አካ አፍንጫ

ሴልቪ አካ ጠዋት ጠዋት ጫማዋን ከኮምፒውተሮቹ ክፍል በር ውጭ ታወልቅና የብረቱን እጀታ በመሐረቧ ይዛ ትገባለች። ከሦስቱ ሰርቨሮች ኋላ ትዞራለች፤ ትኩሱ አየር በሚወጣበት በኩል፣ ልጇ አተኩሶት እንደሆነ እንደምታይ እናት፣ የእጇን ጀርባ ታስጠጋለች። ከዚያ እጇን ታሸታለች።

«ዛሬስ ምን ምን ይላል፣ አካ?» እንላታለን እኛ አዋላጆቹ እየሳቅን።

«አቧራ አቧራ። ትናንት የበላችሁት ዓሣም አለበት።»

ሙሉ ስሟ ታማራይሴልቪ ነው። በኩምባኮናም ከተማ የእናቶች ሆስፒታላችን ግን ትልቅ ትንሹ አካ ይላታል፣ ታላቅ እህት። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። የማትጸየፈው ነገር የለም። በሰው ብርጭቆ አትጠጣም፤ የሙዝ ልጣጭ መሬት ላይ ካየች ዞራ ታልፋለች። ምሳዋን፣ ይድሊ የሚሉትን የሩዝ ቂጣ፣ ብቻዋን፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትበላለች።

እሷ ከመምጣቷ በፊት ከሦስቱ ማሽኖች አንዱ ሲበላሽ ሥራው አብሮት ይሞት ነበር። ማንም በነፃ ወስዶ እንደ ፍላጎቱ የሚያስተካክለውን ሶፍትዌር ጫነችባቸው። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ብረት ውስጥ አምስት ስድስት ምናባዊ ኮምፒውተሮች ይኖራሉ፦ የላቦራቶሪው፣ የመድኃኒት ቤቱ፣ የእናቶቹ ፋይል። ጎረቤት ለመጠየቅ እንደሚወጣ ሰው፣ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ግን ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ መገናኘት አለባቸው። ብቻውን የቀረ ማሽን ሌሎቹ ሞተው ይሁን እሱ ተነጥሎ ይሁን መለየት አይችልም፤ ስለዚህ ፋይል እንዳያበላሽ ራሱን ይዘጋል።

በየዓመቱ በመሣሪያዎች በዓል አናጢው መጋዙን፣ ሹፌሩ መኪናውን ለዕውቀቷ አምላክ ለሳራስዋቲ ያቀርባል። የቀረበ መሣሪያ እስከ ማግስቱ መልካም ሰዓት ያርፋል፤ እጅ አይነካውም። ሴት ግን በዓል ነው ብላ ምጥ አታቆምም። ሴልቪ አካ ለዚህ መላ ነበራት፤ የአንደኛውን ማሽን ነዋሪዎች ወደ ሁለቱ ታሻግርና እሱን አጥፍታ ታቀርበዋለች። ግንባሩ ላይ አንዲት ደረቅ ቀይ ነጥብ፣ በቃ። ለአምላኳ የሚቀርበው ምግብ ከበር ውጭ።

ዘንድሮ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ፣ ቫይትያናታን የሚባል።

«አንዱ ብቻ ነው የሚባረከው? ሌሎቹ የእንጀራ ልጆች ናቸው?»

«ሰር፣ እነሱ እየሠሩ ነው። እርጥብ ነገር አይስማማቸውም።»

«አማልክት የነኩት ነገር አይበላሽም። አንቺ ደግሞ መጸየፍ ታበዣለሽ፣ ሴልቪ።»

በውሃ የተለወሰ የሰንደል ዱቄት በሦስት ጣቱ ዝቆ ሁለተኛው ማሽን ላይ ለጠፈው። ልጥፉ በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ተዝለግልጎ ሲገባ ሴልቪ አካ አፏን ይዛ ወጣች። እሱም አመሻሹ ላይ ክፍሉን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ሰኞ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የእናቶቹ ፋይል ጠፋ። ሁለተኛው ሞቷል፤ አንደኛው አርፏል፤ ሦስተኛው ብቻውን ቀርቶ ራሱን ዘግቷል። የሚፈለገው ያረፈውን ማስነሣት ብቻ ነበር። ሴልቪ አካ ለቁልፉ ሥራ አስኪያጁ ጋ ደወለች።

«የክፉው ኮከብ የራሁ ሰዓት ሊገባ ነው፤ እስከ ሦስት ሰዓት አልከፍትም» አላት። «የቀረበ መሣሪያ በራሁ ይነሣል እንዴ?»

«ሰር፣ ሴቶቹ ምጥ ላይ ናቸው!»

«ድሮ ያለ ኮምፒውተር አልወለዱም?»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። የደም ዓይነታቸው ፋይል ውስጥ ስለነበር ሁሉም እንደገና ተወጉ። ኮኪላ የምትባል ሴት፣ ክንዷ እስኪበልዝ፣ ሦስት ጊዜ።

በሩ ሲከፈት ሽታው ቀድሞን ወጣ። መሬት ላይ ሥራ አስኪያጁ ለሳራስዋቲ ያስቀመጠው ትሪ ነበር፤ የፈነዳ ሩዝና ጥቁር ስኳር፣ የጠቆረ ሙዝ፣ ጉንዳን የወረሰው። ሴልቪ አካ ያረፈውን ማሽን አስነሣች፤ በሩብ ሰዓት ፋይሉ ተመለሰ። ከዚያ የሁለተኛውን ክዳን ፈታች። እኔ ባትሪ አበራላት ነበር። አንዲት አይጥ ኃይል በሚያስገባው ሳጥን ሥር በኤሌክትሪክ ተመትታ ደርቃ ተጣብቃለች፤ ዙሪያዋን ሽንት፣ ፀጉር፣ በምራቅ የራሰ ሩዝ፣ ቢጫ ሰንደል። ሴልቪ አካ ሦስት ጊዜ ወጥታ አስታወከች፤ ሦስት ጊዜ ተመልሳ በጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጸዳችው።

ሐሙስ ቦርዱ ተሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ ሶፍትዌሩ ተነቅሎ የውጭ ድርጅት እንዲገባ፣ እሷም እንድትሰናበት ጠየቀ።

«በነፃ የመጣ ነገር በነፃ ይሄዳል!»

ሰብሳቢዋ አሮጊቷ ዶክተር አላርሜልማንጋይ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ አይጥ ጋብዘህ ሶፍትዌር ትከሳለህ?» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ግን ልጄ፣ ክፍሉ የአንቺ ነው። አይጥ እንዳለ ታውቂያለሽ። ትሪውን አይተሽ ዝም ብለሽ ከሆነ፣ ከእሱ በምን ተሻልሽ? አይተሽዋል?»

«አላየሁም፣ አማ።»

ሶፍትዌሩ ቀረ። እሷም ቀረች። ቁልፉም ዛሬ በእሷ አንገት ነው።

ታሪክሽን ልጽፍ ነው ስላት ቀና ብላ አላየችኝም። «ማስታወኬንም ጻፊ፤ አላፍርበትም» አለች። «አሁን የምነግርሽን አንዷን ብቻ ተዪልኝ።»

በበዓሉ ዕለት፣ ቫይትያናታን ከመቆለፉ በፊት፣ የምሳ ዕቃዋን ረስታ ተመልሳ ነበር። ትሪው መሬት ላይ ነው። ስኳሩ ቀልጧል፤ ሙዙ ላይ ዝንብ አለ። ልታነሣው ጎንበስ አለች። ጣቷ ጠርዙን ሲነካ ስኳሩ ተለጠፈባት፤ እጇን መለሰች።

«ያስቀመጠው ያንሣው» አለች።

እጇን በሳሪዋ ጠረገች፤ የበሩን እጀታ በመሐረቧ ይዛ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።