ውሃ የሚጠጣው ብረት

ስንወጣ ኩራዙን እፍ ብዬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ገና አልነጋም፣ ጉሙ በራችን ላይ ቆሟል። እናቴ ቆጮውን በቅጠል ጠቅልላ ለልጄ ለአስቴር አስታቀፈቻትና «እዚያስ ጭስ የለም አሉ፤ ግድግዳ ላይ ሰክተሽ ነው አሉ የምታበሪው» አለችኝ። አዎ አልኳት። ባሌን ከቀበርኩ ዓመት ሆኖኝ ነበር። አስቴር አሥር ዓመቷ ነው፤ እኔ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ፣ ከአርባ ምንጭ ወዲያ አልፌ የማላውቅ ሰው ነኝ።

ይህን የምጽፈው እዚያ ደጋ ላላችሁት ነው፤ ነገ ዕቃችሁን ጠቅልላችሁ ወደ ጂንካ ለምትወርዱትም ነው።

በኮንሶ አድርገን፣ ወይጦ ላይ በሙቀት ቀልጠን፣ ቀይ አፈር ከተማ ላይ ትንሽ ነፋስ አግኝተን ጂንካ ገባን። ጂንካ ለምለም ናት፣ አልዋሽም፤ ማንጎው መንገድ ላይ ይወድቃል። ጎመኑ ግን ውርጭ አያውቅምና እንደኛው አይጣፍጥም። ሰላምታውም ያጥራል፤ እኛ ሰውን ጠይቀን፣ ከብቱን ጠይቀን፣ ጓሮውን ጠይቀን ነው የምንጨርሰው፤ እዚህ «ደህና ነሽ» ብለውሽ ባጃጅ ላይ ይወጣሉ።

ያረፍነው የአገራችን ሰው ግቢ ነው። ስሙን ላልጽፍ ቃል ገብቻለሁ፣ ቃሌንም እጠብቃለሁ። ግን ከመንደራችን የሚወርድ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው የማን ግቢ ነው? እሱ ነው።

በተከራየሁት ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ሶኬት አለች። እሷን ብዬ ነው ቤቱን የወደድኩት፤ በኤሌክትሪክ ስቶቭ ሻይና ብስኩት ሠርቼ ልሸጥ አስቤ። ዕቃዬን ሳላራግፍ ሰውየው እጄን ይዞ ወደ ልብስ ማጠቢያው ወሰደኝ። ጉልበት የሚደርስ ፌሮ መሬት ላይ ተተክሏል፤ ጫፉ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞበታል።

«ይሄን ብረት ታዪዋለሽ?»

«ምንድነው ጋሼ?»

«የመብራቱ ሥር ነው። መሬቱ ሲደርቅ መብራቱ ይደክማል። ያኔ አንድ ጣሳ ውሃ ታጠጪዋለሽ።»

«እንደ ችግኝ?»

«እንደ ችግኝ!» ብሎ ሳቀ። «ከተማ ነው እንግዲህ፣ ቶሎ ልመጂ።»

እናንተስ ብትሆኑ አታምኑም? አንድ ጣሳ አፈሰስኩ፣ አምፖሉ ወዲያው ደመቀ። እኔ እልል ነው ያልኩት! ጎረቤቶቼም ያጠጡት ነበር፤ የአገሩ ወግ መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት አስቴር ከትምህርት ቤት በፊት ብረቱን ታጠጣለች፣ እኔ ሊጡን አቦካለሁ።

አንዳንድ ቀን ስቶቩ ላይ የጣድኩት ብረት ድስት ጣቴን ይነዝረኛል። ሄጄ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ኧረ ይነዝራል!»

«ደጋ የኖረ ደም ስለሆነ ነው። ይለምድሻል።»

አልለመደኝም። ሶኬቷን እየፈራሁ ነበር የምነካት። ሥራዬን ግን ቀጠልኩ፤ የት እሄዳለሁ?

የበጋው ድርቀት የጠናበት ከሰዓት በኋላ ነው። ስቶቩ ደከመብኝ። «አስቴር! ብረቱን አጠጪው!» አልኩ። በገዛ አፌ ነው ያልኩት። ወጣች። የሚፈሰው ውሃ ሥሩን ሲሸረሽረው ከርሞ ብረቱ ዘምሟል። ልጄ ሥርዓት ያላት ልጅ ናትና በባዶ እግሯ ጭቃው ላይ ቆማ ልታቃናው በቀኝ እጇ ጨበጠችው።

አልጮኸችም። ጎረቤቴ ናት የጮኸችው፤ «ሶኬቱን ንቀይ! ንቀይው!» ያቺን የምፈራትን ሶኬት ገመዷን ይዤ ጎተትኳት። ውጭ አስቴር ወደቀች።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። ተረፈች፤ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ግን ተቆርጠዋል።

ሰፈራችን አንድ ኤሌክትሪሺያን አለ፣ የአገሩ ተወላጅ፣ የአሪ ልጅ ነው። መጥቶ ስቶቩን ራሱ ሰክቶ የመብራት መፈተሻ ቴስተሩን ብረቱ ላይ አደረገ፣ ቴስተሩ በራ።

«እናቴ» አለኝ፣ «ሶኬት ውስጥ ሁለት ሽቦ ይገባል። አንዱ መብራቱን ያመጣል፣ አንዱ ይመልሳል። ሁለቱም በቆጣሪው ማለፍ ነበረባቸው። ሰውየው የሚመልሰውን ሽቦ ቆርጦ በዚህ ብረት መሬት ውስጥ ቀብሮታል፣ ቆጣሪው እንዳይቆጥርበት። ስቶቩ እስከተሰካ ድረስ ይሄ ብረት እሳት ነው። ውሃ ማጠጣት ደግሞ እሳት ማጠጣት ነው።»

«እሱ ያውቃል?»

«ራሱ ነው የገጠመው!»

ያን ቀን ነው ውስጤ የደረቀው። ወደ መብራት ኃይል ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል ጠየቀኝ፦

«ቆጣሪው በስምሽ ነው?»

«አይደለም፣ ባከራየኝ ሰው ስም ነው።»

«እንግዲያው ባለቆጣሪው ራሱ መጥቶ ያመልክት።»

«ራሱን ሊከስ?»

«ፕሮሲጀሩ ነው እናት።»

ደግሞ በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ከጋሼ ጋር እንድታረቅ ግቢው ድረስ መጡ። ብረቱን መልሶ ተክሎታል፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይስቃል። ከዚህ በፊት ለማንም ያልተናገርኩትን ልጻፍ። አስቴር ከወደቀች ጀምሮ ያቺን ሶኬት ነክቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ወደ ክፍሌ ገብቼ ስቶቩን ሰካሁ። ከዚያ ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።

«የአስቴር እናት፣ ቂም ለክርስቲያን አይሆንም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ይቅር እላለሁ አባቴ። አንድ ነገር ብቻ። ጋሼ ብረቱን አንድ ጣሳ ውሃ ያጠጣልኝ። በባዶ እግሩ። ትንሽ ዘምሟል፣ በእጁም ያቃናልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። «ይሄማ ቀላል ነው፣ ተነስ እንጂ!»

«ኧረ ጠዋት ጠጥቷል» አለ።

«ይድገም!» አልኩ። «በጋ አይደል? ይጠማዋል።»

አንድ ጫማውን አወለቀ። ብረቱን አየ፣ ዓይኑ ወደ ክፍሌ በር ሄደ። ከዚያ «ቆይ» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ሲመለስ እስከ ጉልበቱ የላስቲክ ቦቲ አጥልቋል፣ እጁ ላይ ወፍራም የላስቲክ ጓንት አድርጓል።

የሳቀ የለም። ትልቁ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሱ።

«አንተ! ለአንድ ጣሳ ውሃ?»

«ልጄ ቦቲ አልነበራትም» አልኩ።

ባዶ እጁን ቢዘረጋ ኖሮ «ተው» እለው ነበር? ጌታ ይወቀው። አልለውም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያው ሁሉ የሚጠራው «ቦቲ» ብሎ ነው። ልጆች በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ሲያልፍ እያዩት እግራቸውን ከፍ ከፍ ያደርጋሉ። ደስ ይለኛል። ሽማግሌዎቹ ፊት ብረቱን ነቀለ፣ እኔም ስሙን ላልጽፍ፣ ለአገር ቤት ላላወራ ምዬ እጁን ጨበጥኩ። ተበቅያለሁ፣ በቃኝ ብዬ ነው። የነቀለውን ብረት የት እንዳደረሰው አልጠየቅሁም።

አሁን ሌላ ቤት ነን። ያ ኤሌክትሪሺያን ሁለቱንም ሽቦ በቆጣሪ አሳልፎ ገጠመልኝ፤ ቢሆንም ጫማ ሳላደርግ ሶኬት አልነካም። አስቴር በግራ እጇ መጻፍ ለምዳለች። ስለ እጇ ለእናቴ የነገርኳት በፍል ውሃ ተቃጠለች ብዬ ነው፤ ስለ መሐላው፣ ደግሞም እንዳትደነግጥብኝ።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩላት። ድምፅዋ የሙሽራ እናት ድምፅ ነው።

«ልጄ፣ መብራት ገባልኝ! ኩራዙን ጣልኩት!»

«ማን አስገባልሽ እማ?»

«እሱ ነዋ! ለመስቀል መጥቶ በቅርቡ ለጎረቤት ከገባው ቆጣሪ ሳበልኝ። ታርቀናል ብሎ ነገረኝ፤ እሰይ፣ የአገር ልጅ እንዲህ ነው። የራሱን ብረት ከጂንካ ድረስ ተሸክሞልኝ መጣ።»

ብድግ አልኩ።

«እማ... ጫማ አድርገሻል?»

«ጓሮዬ ለመውጣት ምን ጫማ! ቆይ፣ መብራቱ ደከም ብሏል፣ አጠጥቼው ልምጣ።»

«እማ! ተይው! እማ!»

ስልኩን አስቀምጣ ሄዳለች። በጣሳ ውሃ ስትቀዳ ሰማሁ፣ ከዚያ መስመሩ ጠፋ።

ስሙ ይቅር፤ ቦቲ ብላችሁ ጠይቁ፣ ያሳዩዋችኋል። ይህ ጽሑፍ ቀድሞ የሚደርሰው ሰው ግን ሳይጨርሰው ወደ እናቴ ቤት ይሩጥ። ብረቱን እንዳይነካ፣ እሷንም እንዳይነካ፤ መጀመሪያ ከጎረቤት ቆጣሪው ላይ ያጥፋው።

እኔ እየደወልኩ ነው። ይጠራል።