ከገና በኋላ ያለው አርብ

ጅቡቲ ውስጥ እሑዳችን አርብ ነበር። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩት ሴቶቻችን በሳምንት አንድ ቀን፣ አርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይለቀቃሉ። ብዙዎቹ ስልካቸውም የሚሰጣቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ባለቤቴንና እኔን፣ ሁለት ጡረተኞችን፣ ለሁለት ዓመት እንድናገለግላቸው ላከችን።

ሰባኪዎች አልነበርንም። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ እሱ ዕድሜውን በኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፈ ሰው ነው። በተዋስነው አዳራሽ ቃሉን ያነብላቸዋል፣ እንጸልያለን፣ ከዚያ ኋላ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጦ ያመጡለትን ሲጠግን ይውላል። የተቃጠለ ካውያ፣ የተበጠሰ የስልክ ገመድ። አንዷ ገና ጸሎቱ ሳይጀመር፣ «አባባ፣ ዛሬ ስብከቱን ያሳጥሩልን፣ የኔ ቻርጀር ሞቷል» ትለዋለች። እሱ ደግሞ፣ «ያንቺ ቻርጀር በየሳምንቱ እየሞተ በየሳምንቱ የሚነሳው በኔ እምነት ነው በያ» ይላታል።

የምንኖረው ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነበር። ነጋዴውን ሀጂ እንለዋለን። ወደ ቤታችን የሚያስወጣው ደረጃ ቀጥ ያለ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ባለቤቴ መሃል ላይ ቆም ማለት አመጣ። ለምን እንደሚቆም ስጠይቀው የሀጂን ክርክር ከገዢዎች ጋር መስማት ደስ ይለኛል አለኝ። አመንኩት። ማመን ስለፈለግሁ ነው ያመንኩት።

ያን ዓመት ገና ማክሰኞ ዋለ። ማክሰኞ ሠራተኛ የሚለቅ ሰው የለም። ስለዚህ በዓሉን ወይ ከገና በፊት ባለው አርብ ወይ ከገና በኋላ ባለው አርብ ማድረግ ነበረብን። ከሴቶቹ አንዷ፣ ከሁሉም ልጅ እግሯ፣ በፊት እንዲሆን ለመነች። ገና ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ማዳሟ ወደ ፈረንሳይ ይዛት ልትሄድ ነበርና የኋለኛው አርብ አያገኛትም። ወስነን እንነግራችኋለን ብለን ተለያየን።

ራት ላይ ባለቤቴ፣ «በፊት ብናደርገው ደስ ይለኛል» አለኝ።

ለምን አልኩት። እንዲሁ አለ፤ ቶሎ ቢሆን ይሻላል አለ። እኔ ግን የሚጾም ቤት ልጅ ነኝ። በኋላ የጌታን ነገር በሌላ መንገድ ብይዘውም ገና ሳይደርስ ገና ማክበር ሆዴን አይሞላውም። ደግሞ ከሚመጡት ግማሾቹ የኦርቶዶክስ ልጆች ናቸው፣ ጾም ላይ ናቸው። ጾም ሳይፈታ ዶሮ ወጥ ፊታቸው ልናስቀምጥ ነው ወይ አልኩት። ሽሮ ሥሪላቸዋ አለ። በሽሮ ገና የለም አልኩት። እሱ አሁንም አልተረታም።

«ልጁ ሳይወለድ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይባላል?» አልኩት በመጨረሻ።

ሳቀ። «እኔ አስተማሪ አግብቼ መቼ ተከራክሬ አሸንፌ አውቃለሁ። እሺ፣ በኋላ ይሁን» አለ። ሳህኑን አንስቶ ወደ ኩሽና ሄደ። ያቺ ልጅስ ብሎ አንድ ጊዜ ጠየቀኝ። ለብቻዋ እንጸልይላታለን አልኩት።

የገና ዕለት ጠዋት የመብራት ሽቦ ልገዛ ነው ብሎ ወጣ። እስከ ቀትር ቆየ። ሲመለስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። ሽቦውን አላገኘሁትም አለ። በበዓል ቀን የት ስትዞር ዋልክ ብዬ ተቆጣሁት። ከዚያ አዲስ አበባ ላለችው ልጃችን ደወልን፣ ድምፁን አሳምሮ አናገራት፣ ሁለታችን ብቻችንን ምሳ በላን።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ጋደም አለ። ጅቡቲ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ከተማው በሙሉ ያርፋል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። እኔ ለአርቡ ድግስ ነጭ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ። የመላጡ ሥራ ትዳር ከያዝን ጀምሮ የሱ ነው፤ እኔ ጣቴን ያቃጥለኛል። ጠራሁት፣ ዝም አለ። እንደገና ጠራሁት።

«ዛሬ ደግሞ ከሽንኩርት ለመሸሽ ነው የተኛኸው?» አልኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ለእሱ የተናገርኩት የመጨረሻ ነገር ይሄ ነው። መስማቱን እንኳን አላውቅም።

ጩኸቴን ሲሰማ ሀጂ ከጫቱ ላይ ተነስቶ በራሱ መኪና ሆስፒታል ወሰደን። ሐኪሞቹን በፈረንሳይኛ ያናገረልኝም እሱ ነው። ልቡ ነው አሉ፣ ከመድረሳችን በፊት አልቋል አሉ። ለቅዳሜ አስከሬኑን ወደ አገሩ የሚወስድ አውሮፕላን ተገኘ። ሀጂ አርብ ከቤት እንዳልወጣ ነገረኝ፤ ሐዘንተኛ አዳራሽ ሄዶ በር አይከፍትም አለ። ሴቶቹ ይመጣሉ አልኩት፤ ስልካቸው እጃቸው ላይ የለም፣ የሰማ የለም።

«አቦ ይምጡና ይስሙ፣ እህቴ» አለኝ።

«የተቆለፈ በር ላይ ቆመው ነው የሚሰሙት?»

አርብ ጠዋት ራሱ አደረሰኝ። የጁምዓ ሰዓት እስኪደርስበት ድረስ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን በፌስታል ይዘው ነው የሚመጡት። አዳራሹ አጠገብ ሲደርሱ አውጥተው ያጣፋሉ። ያን ቀን ሁሉም ፀጉራቸውን ተሠርተው ነበር። አንዷ ከማዳሟ የተረፈ ኬክ በካርቶን ይዛለች። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በሩ ላይ ቆሜ ሲያዩኝ ከሩቅ እልል አሉ። ጥቁር መልበሴን ያዩት ሲቀርቡ ነው። ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። ኬኩ መሬት ላይ ሲቀመጥ አይቻለሁ።

ከዚያ የመጡት ሁሉ ከውጭ ለቅሶውን ሰምተው ነው የገቡት። ሲበቃን ከሁሉ ታላቋ፣ አሥራ ስምንት ዓመት በጅቡቲ የሠራችው፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ያኔ የከበደኝን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ገናውን ባለፈው አርብ አድርገነው ቢሆን አብሯችሁ ይውል ነበር አልኳቸው፤ ቀኑን ያዘገየው...

«እናውቃለን፣ እማማ» አለችኝ ታላቋ። «እሳቸው ናቸው።»

ያቺ ወደ ፈረንሳይ የሄደችው ልጅ የምትሠራው ታላቋ ከምትሠራበት ፊት ለፊት ባለው ቤት ነበር። ገና ዕለት አባባ ዳቦ ይዘው መጡ አለች፤ ዘበኛው እስኪጠራት ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ። ታላቋ ከአጥሩ ማዶ ልብስ እያሰጣች ሁሉንም ሰምታለች። ልጅቷን ይቅርታ ጠየቋት።

«‹እማማሽ በፊት ይሁን ብላኝ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እንዳትቀየሚያት› አሏት።» ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። «ምነው ያን ቀን እርስዎን በሰሙ።»

ሌሎቹም ተቀባበሉት። ምነው በሰሙ፣ ምነው በሰሙ እያሉ አለቀሱ። ሽቦ ፍለጋ ሄድኩ ያለኝ ውሸት እንደነበረ እዚያ ተቀምጬ ነው የገባኝ፣ ለልጅቷ የነገራትን ውሸት ለማስተካከል ግን አፌ እምቢ አለኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ ታላቋ ተነስታ ምግብ እናቅርብ አለች። ዛሬ ካልበላን ገናችን መቼ ነው፣ ዛሬ ካላለቀስንስ መቼ ይፈቀድልናል አለች። ያመጡትን አቀረቡ፣ ለኔም አጎረሱኝ። አሥር ተኩል ላይ ነጠላቸውን አጣጥፈው ወደ ፌስታሉ መለሱ። አንዳንዷ የራት ወጥ መሥራት አለባት፣ አንዳንዷ ሕፃን ማጠብ። እየሳሙኝ ሄዱ። እያንዳንዷ ጉንጬን ስትስም አሁን ልንገራት እያልኩ ሸኘኋት።

አሁን ልጄ ቤት ነኝ። ታላቋ አርብ አርብ ትደውልልኛለች። አዲስ የመጡትን እህቶች ስልኩ ላይ ታገናኘኛለች፣ «ባላቸው እሳቸውን ሰምተው ቢሆን ኖሮ» እያለች ታሪኩን ትነግራቸዋለች። እነሱም ያዝኑልኛል።

ባለፈው አርብ የደወለችልኝ ማዳሟ ቤት ከተመለሰች በኋላ ነበር፤ አላስቻለኝም። «አንቺ፣ ያዘገየሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «እሱ በፊት ይሁን ብሎኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ ማዳሟ ስትጠራት ሰማሁ፣ ስልኩን የምትመልስበት ሰዓት ደርሶ ነበር። «ይቆዩኝ እማማ» አለችና ተቋረጠ።

ዛሬ ሐሙስ ነው።