ሐረገወይን ለነቢዩ የሰፋችው ቀሚስ

ሐረገወይን ተቀምጣ መስፋት አይሆንላትም። የስፌት ማሽኗን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ቆማ፣ ከራሷ ጋር እየተጨቃጨቀች ነው የምትሰፋው። ክሩ ተበጠሰ ብላ ትቆጣለች፤ ክሩ አልበጠስ አለ ብላም ትቆጣለች። ደንበኛ ገብቶ «እንደምን ዋልሽ» ሲላት «ልኩን ንገረኝ፣ ሰላምታው ይደርሳል» ትላለች። እንዲህ ያለች ሴት ጋር አንድ ሱቅ መጋራት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው፤ የደረሰበት ደግሞ እኔ ነኝ።

አብዱ እባላለሁ። አሜሪካ፣ አትላንታ ውስጥ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ያለችውን ሱቅ ለሁለት ተከራይተን፣ በመስኮቱ በኩል እኔ ስልክ እጠግናለሁ፣ ከኋላ እሷ ልብስ ትሰፋለች። እኔ የጠፋች ብሎን ፍለጋ ወለሉ ላይ በእጄ ስዳብስ እሷ በላዬ ተራምዳ ክር ታመጣለች። ዕድሜዋ ስልሳን እየነካ ነው፤ ነገር ግን አንቱ ያላትን ሰው «ምነው፣ ምን አጠፋሁ?» ትለዋለች። ስለዚህ ሁላችንም እትዬ እያልን አንቺ እንላታለን።

ስፌት የለመደችው በስደት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሳለች ነው። አትላንታ ስትገባ መጀመሪያ ማሪዬታ የሚባል ከተማ አንድ የሙሽራ ልብስ ቤት ተቀጠረች፤ «ቀስ በይ፣ ተረጋጊ» እያሉ ሲያስቸግሯት ጥላቸው ወጣች። አሁን ደንበኞቿ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲሆኑ የመዘምራን ልብስና ካባ ያሰፋሉ። ሁለተኞቹ ድራግ የሚሠሩት ናቸው። ለማያውቅ ሰው፣ እነዚህ የሴት ቀሚስ፣ ዊግና ሜካፕ አድርገው መድረክ ላይ የሚዘፍኑ፣ የሚጨፍሩ፣ ሰው የሚያስቁ ወንዶች ናቸው። የሁለቱም ልብስ የሚሰቀለው አንድ ብረት ላይ ነው፤ መሀላቸው ነጭ አንሶላ ተጋርዷል። አንድ ጊዜ የልጇን የመዘምራን ልብስ ልትወስድ የመጣች እናት አንሶላውን ገለጠችና የሚያብረቀርቅ ቀሚስ አይታ ልቧ ቀለጠ። «ይሄ የየትኛዋ ሙሽራ ነው? ለልጄ ሠርግ እንዲህ አድርገሽ ስፊልኝ!» ሐረገወይን ቀና እንኳ ሳትል «ትከሻው ይሰፋባታል» አለቻት። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ጠረጴዛዬ ሥር ገባሁ።

እውነቱን ለመናገር ይሄን ሥራዋን አልወደውም ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ ነገርኳት። «አንተ የሰው ስልክ ስትከፍት መልእክቱን ታነባለህ?» አለችኝ። አላነብም አልኳት። «እኔም የምሰፋው ልብስ ነው። ሥራህን ሥራ!»

ነገሩ ልብስ ብቻ መሆኑ የቀረው በነቢዩ ምክንያት ነው። ነቢዩ የማርታና የታዲዮስ ልጅ ነው። ማርታ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፤ ታዲዮስ ትራክ ስለሚነዳ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱ ከሥራ እስክትወጣ የሚቆየው እኛ ጋ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጸጥ ያለ፣ ካስቀመጡት ቦታ የማይነሳ፣ ለሁሉ ነገር «እሺ» የሚል ልጅ ነው። የመጣ ደንበኛ ሁሉ «እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ እዚህ አገር የት ይገኛል!» እያለ ጉንጩን ስሞት ይሄዳል።

ሰው ሲቀንስ ግን ሌላ ልጅ ይሆናል። ቁራጭ ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መስታወቱ ፊት ይቆምና የደንበኞቹን አካሄድ አንድ በአንድ ያመጣዋል። ቀጥሎ ይጨፍራል። ሲጨፍር እግሩ፣ አንገቱ፣ ዓይኑ ሁሉ ይናገራል። እኔ ብሎን ጠፍቶብኝ ስራገም እንዴት እንደምመስልም አሳይቶኛል፤ ለሁለት ቀን አኩርፌው ነበር።

ከድራግ ደንበኞቿ አንዱ ዴረክ ይባላል። ቀን ፒችትሪ ኮርነርስ የሚባል ሰፈር ያለ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቶ ይውላል፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ቀሚስ ለብሶ መድረክ ላይ ይነግሣል። አንድ ቀን ልብሱን ሊለካ መጥቶ ነቢዩን በድንገት ሲጨፍር አየው። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። በቅርቡ የሚቀረጽ የቴሌቪዥን ሾው ነበረው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ልጅ አሠልጥኖ፣ ልጁም እንደ እሱ ቀሚስ ለብሶ አብሮት የሚጨፍርበት። ማርታ ስትመጣ ይህን ነገራትና «ቤተሰቡ ከፈለገ ብቻ ነው» አለ። አነጋገሩ ጨዋ ነበር፤ ልወቅሰው ብፈልግም ነገር አላገኘሁበትም።

ማርታ ወዲያው ልቧ ሸፈተ። መምህሩ «ልጅሽ ክፍል ውስጥ አይናገርም» እያለ በየጊዜው ይጠራት ነበር። «ልጄ ዲዳ የሚመስላቸው ሁሉ ይዩት!» አለች። «ነቢዬ፣ ቲቪ ላይ ትጨፍራለህ፣ አይደል?»

«እሺ» አለ ነቢዩ።

እሷም የሾው ሰዎች የፈቃድ ወረቀት ሲልኩላት እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆማ ሳይን አደረገች።

ሐረገወይን ቀሚሱን ጀመረች። የሾው ሰዎች ጀርባው ክፍት እንዲሆን ፈልገው ነበር፤ «ልጅ ነው፣ ልጅ የሚለብሰውን ነው የምሰፋው» ብላ እጅጌው ረጅም፣ አንገቱ ዝግ የሆነ፣ ሲዞሩበት እንደ ጃንጥላ የሚከፈት ሰማያዊ ቀሚስ አወጣች። ያማረ ነበር። ቢሆንም እየሰፋች ትተረትራለች፣ ተርትራ ትሰፋለች፤ መቀሱን አስቀምጣ መቀሱን ትፈልጋለች። ምን ሆንሽ ብላት «ምን እሆናለሁ?» ብላ አፈጠጠችብኝ።

ቀረጻው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ታዲዮስ ከመንገድ ተመለሰና ወሬውን ሰማ። መኪናውን ሰው የሚያልፍበት ላይ ፓርክ አድርጎ ገባ። «እትዬ፣ እርስዎን እንደ እናቴ ነው የማየው» ሲል ነገሩ መበላሸቱ ገባኝ፤ ታዲዮስ አንቱ የሚላት ደሙ ሲፈላ ብቻ ነው። «ልጄን እዚህ የተውኩት ሆምወርኩን እንዲሠራ ነው። ቀሚስ አልብሰው ለዓለም እንዲያሳዩት አይደለም።»

«ለእናቱ ንገራት» አለች ሐረገወይን።

«ነግሬያታለሁ። ሰው ምን ይለኛል ብዬም አይደለም፤ የፈለገውን ይበል! ግን አንዴ ኢንተርኔት ላይ የወጣ ነገር አይወርድም። ሃይስኩል ሲገባ እየከፈቱ ይስቁበታል። ያኔ ዴረክ አጠገቡ ይቆምለታል? እርስዎስ?»

እኔ በልቤ እውነቱን ነው አልኩ። ታዲዮስ ወደ ልጁ ዞረ። «አንተ ይሄን ነገር አትፈልግም፣ አይደል?»

«እሺ» አለ ነቢዩ፣ ዓይኑን ከደብተሩ ሳያነሳ።

ታዲዮስ አሸንፌያለሁ ብሎ ወጣ። ማርታም እቤት አሸንፌያለሁ ብላ ስትከራከር አመሸች። በማግስቱ ልጁን ለመጨረሻ ልኬት አምጥታ «የታዲዮስን ነገር ለእኔ ተይው» ብላ ሥራዋን ልትጨርስ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ሐረገወይን ክንዷን ይዛ «ልጁ ምን አለ?» ብትላት «እሺ ብሎኛል እኮ!» አለች፤ እውነቷን ነበር።

ሐረገወይን ነቢዩን ጠረጴዛ ላይ አቆመችው። «አትንቀሳቀስ» አለችውና የቀሚሱን ግርጌ በስፒል እየያዘች ትዞረው ጀመር። እኔ ስልክ ከፍቼ ወደ እነሱ ነበር የማየው። ስፒሉን ትሰካለች፣ ነቅላ መልሳ ትሰካለች፤ የምትሠራውን ጠልታ እንደምትሠራ ሰው። በመጨረሻ አጎንብሳ ሳለች ካልሲው ላይ ደም አየች። ስፒሉ ቁርጭምጭሚቱን ወግቶታል።

«ወጋሁህ እንዴ?»

«ትንሽ።»

«ታዲያ ለምን አልጮህክም?»

«አትንቀሳቀስ ብለሽኝ ነበር እኮ። ምንም አይደል።»

ሐረገወይን ቁጭ አለች። እዚያው ወለሉ ላይ፣ ክርና ቁርጥራጩ መሀል። እንዲህ ደክሟት አይቻት አላውቅም።

«ነቢዩ፣ ነገ ቲቪ ላይ መጨፈር ትፈልጋለህ?»

«እሺ።»

«እሺ በል አላልኩህም። ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?»

ልጁ ፊቷን አየ፤ ከዚያ የእኔን አየ። የትኛው መልስ ደስ እንደሚለን እየፈለገ መሆኑ ያስታውቅ ነበር። «እናንተ ያላችሁትን» አለ።

«ጫማህን አውልቅና ለአብዱ ስጠው» አለችው በድንገት።

«እሺ» አለና ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ ቀሚሱን ከነስፒሉ ሰብሰብ አድርጎ፣ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

«የአብዱ እግር የአንተን ሁለት ያህላል! ለምንድን ነው የምትሰጠው?»

«ስጥ ስላልሽኝ ነዋ።»

ያን ሁሉ ቀን ልጅ ድራግ ይሥራ አይሥራ እያልኩ ከመጣ ደንበኛ ሁሉ ጋር ስከራከር የከረምኩ ሰውዬ፣ ያ ሁሉ ክርክር ይህን ልጅ ሳይነካው ማለፉን አሁን ገና አየሁ። አፈርኩ። ሐረገወይን ጫማውን መልሳ አሰረችለት።

«በል እምቢ በለኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«የፈለግከውን። ዝም ብለህ እምቢ በለኝ።»

«ብልግና ነው።»

«ዛሬ ለእኔ ብልግና አይደለም።»

ነቢዩ «እም...» ብሎ አቆመ። ያኔ በሩ ተከፈተና ታዲዮስ ገባ፤ ማርታ ከኋላው እየሮጠች። ከሥራ ሊያመጣት ሄዶ ኖሮ፣ ጠቡን ከመኪናው ይዘውት ነው የመጡት። ታዲዮስ ልጁን በሰማያዊው ቀሚስ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ።

«አውልቅ!»

ነቢዩ ቀሚሱን በሁለት እጁ ጨበጠ። «እምቢ» አለ።

ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ሁላችንም ግን ሰማን። የማርታ ፊት በራ። «አየህ? አየህ፣ ልጁ ይፈልጋል! አሁኑኑ ዴረክን ቴክስት አደርገዋለሁ።»

«አንቺንም እምቢ» አለ ነቢዩ። አሁን ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ቲቪ አልፈልግም። ኖ። እዚህ ነው የምጨፍረው። መስታወቱ ጋ፣ እነ እትዬ ብቻ ሲያዩኝ።»

ማርታ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። «ለምን አልነገርከኝም?» አለች፤ ልጁ ግን ዓይኑ አባቱ ላይ ነበር። ታዲዮስ ከሰማው ሁሉ ጆሮው ውስጥ የቀረው መስታወቱና ቀሚሱ ብቻ ነው።

«እዚህም አትጨፍርም» አለ። «ከነገ ጀምሮ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤት ነው። እትዬ፣ ብዙ ደክመዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ዞሮ በሩን ያዘ።

ነቢዩ ወደ ሐረገወይን ዞረ። አላለቀሰም። እሷ የማታውቀውን፣ እሱ ግን ከድሮ ጀምሮ የሚያውቀውን ነገር እንደሚያስረዳ ሆኖ «አየሽ፣ እትዬ?» አላት። «እምቢ ስል እንዲህ ነው የሚሆነው።»

የታዲዮስ እጅ በሩ ላይ ቀረ። ጀርባውን እያየሁ ነበር፤ ትከሻው ወረደ። ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን በሩን ለቆ ተመለሰና ጠረጴዛው ሥር ቆመ። ልጁ ጠረጴዛው ላይ ስለሆነ አባትየው ቀና ብሎ ነበር የሚያየው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለው። ቁጣው አልነበረም፤ መንገድ እንደጠፋው ሾፌር ነበር የሚመስለው።

ነቢዩ ብዙ አሰበ።

«መጀመሪያ ጠይቀኝ» አለው።

ታዲዮስ እጁን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳረፈ። «ነገ እዚህ መምጣት ትፈልጋለህ?»

«አዎ» አለ ነቢዩ፣ የማናችንንም ፊት ሳያይ።